ሽምግልና በባቡር ድልድይ ደጃፍ

ከኦስሎ መነሳት

ሽማግሌ ሆኜ ስላክ የመጀመሪያዬ ነው። በምኖርበት የኦስሎ ሰፈር፣ ላምበርትሴተር፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ግማሾቹ ሳቁ፤ ግማሾቹ «ሴት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽማግሌ የምትሆነው?» አሉኝ። እኔ ግን ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሰይድና እንድሪስ አብረው ያደጉ የደሴ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ ሁለቱም ትሮንድሃይም ይኖራሉ። የሰይድ ልጅ ናቢል የእንድሪስን ልጅ ሐያትን ሊያገባ ይፈልጋል፤ እሷም ትወደዋለች። ነገር ግን ሐያት «አባቴ በወጉ ተጠይቆ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላ ቁርጡን ተናግራለች። እንድሪስ ወደ ሰሜን ከመሄዱ በፊት እዚሁ ላምበርትሴተር ጎረቤቴ ነበር። ሐያትን ከባርነሃገው፣ ከሕፃናት መዋያው፣ ከልጄ ጋር እየተቀበልኩ ሾርባ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰይድ ሽማግሌ ሲመርጥ ልጆቹ ሁለቱም የእኔን ስም ጠሩለት፤ እሱም ሳያቅማማ ደወለልኝ።

አብረውኝ የሚሄዱት ሊንደሩድ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከማል ናቸው። ሐጂ ብዙ ትዳር ያጋቡ፣ ብዙ ጠብ ያበረዱ ትልቅ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ የትሮንድሃይሙ ኢማም ሲሆኑ፣ እንድሪስ ደጃፍ ይጠብቁናል ተባለ። እኔ መሃል ከተማው ሴንትሩም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኞች ኃላፊ ስለሆንኩ ፌሪየ፣ የዓመት ፈቃዴን፣ ጠየቅኩ። አለቃዬ ምክንያቱን ስነግራት «ሰው ለሌላ ሰው ትዳር ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል?» ብላ ተገረመችና ፈቀደችልኝ። እስካሁን አመሰግናታለሁ።

ባቡሩ ላይ

ጠዋት ኦስሎ ዋናው ጣቢያ ስደርስ ሐጂ ከእኔ ቀድመው ቆመዋል። ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ቆብ፣ የተጠቀለለ መስገጃ፣ አንድ ካርቶን ቴምር። ባቡሩ ከተማውን ለቆ ገና ሳይጨርስ ትምህርታቸውን ጀመሩ።

«ዘይነባ፣ ደጁ ስንደርስ ቆመን እንጠብቃለን። ‹ግቡ› ሳንባል አንገባም። የመጣንበትን ሳንናገር ውሃ እንኳ አንቀምስም።»

«እሺ ሐጂ። ‹ሄዳችሁ ተመለሱ› ቢለንስ?»

«አመስግነን እንመለሳለን፤ ወጉ ነው። አባት ልጁን በመጀመሪያ ቀን አይሰጥም። ደጁን ዘግቶ ውጭ ካቆመን ግን እምቢታ ነው። ደጅ የተዘጋበት ሽማግሌ ሁለተኛ አይሄድም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ጠበቅ አለ። እኔም ሐያትን አሰብኩ። ልጅቷ የአባቷን ምርቃት ካላገኘች እውነትም አታገባም፤ እልኸኛ ናት፤ እኔ ነኝ የማውቃት።

ምዮሳ ሐይቅን በግራ መስኮት ይዘን ብዙ ሄድን። ውሃው ረግቶ ሰማዩን ይመስላል። ከሊለሃመር በኋላ ሸለቆው ጠበበ፤ ቀይ ቀለም የተቀቡ ጎተራዎች ከገደሉ ሥር ተጠግተው ይታያሉ። ሁለት ቡናና አንድ የቀረፋ ዳቦ ገዛሁ። የከፈልኩትን ለሐጂ አልነገርኳቸውም፤ ነጋዴ ናቸው፣ ይታመማሉ። ዶቭረ ተራራ ላይ ስንወጣ የግንቦት ፀሐይ እያለ በረዶው እዚህም እዚያም እንደተጣለ ነጠላ ቀርቷል። ትኬት የምታየው ልጅ «አንዳንዴ እዚህ ፀጉራም የዱር በሬ ይታያል» ስትለን፣ ሐጂ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። በሬው ግን አልመጣም።

«ይህ ሁሉ ሜዳ አንድ ጎጆ የለበትም?» አሉኝ።

«የለበትም ሐጂ።»

«ሱብሐነላህ! ወሎ ቢሆን በዚህ ሜዳ ላይ ስንት ሰው በድንበር ይከሳሰስ ነበር።»

ትሮንድሃይም ልንገባ ስንል ባቡሩ ቀስ አለና ጠባብ ውሃ የሚያሻግር የብረት ድልድይ ላይ ወጣ። ከጎኑ ከፍ ያለች ክፍል አለች፤ መስታወቷ ውስጥ የሰው ጥላ አየሁ። ከዚያ በላይ ልብ አላልኩትም፤ ሻንጣዬን ከመደርደሪያው ለማውረድ እየታገልኩ ነበር።

ሰይድ ቤት

ሰይድ ጣቢያው ድረስ መጥቶ እንደ ልጅ እየዘለለ ተቀበለን። የሚኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ፊዮርዱ ዳር ሲሆን፣ ሥራው ዓሣ ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ ከኮድ ዓሣ የሠራችውን ዱለት አቀረበችልን። እኔ መጀመሪያ ዓሣ እንዴት ተደርጎ ዱለት ይሆናል ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ በሚጥሚጣና በኮረሪማ አሽታ ስለሠራችው ግን ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። እጇ ይባረክ።

እራት እንዳበቃ ሰይድ ወደ ውሃው ዳር ወስዶ ጀልባውን አሳየን። አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዝቶ፣ ራሱ ጠግኖ፣ አረንጓዴ ቀብቶ «ቦርከና» የሚል ስም ጽፎባታል።

«ነገ በዚህች ነው የምንሄደው» አለ።

«መኪናው ምን ሆነ?» አልኩት።

«ኔይ፣ አይሆንም እት ዘይነባ! በመኪናማ ማንም ሰው ሽማግሌ ይወስዳል። የእንድሪስ ቤት ከተማው ውስጥ ከሚገባው ቦይ አጠገብ ነው። በውሃ ገብተን፣ ደጁ ሥር ወርደን፣ ከፍ ብላችሁ እንድትታዩ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ስለ ድልድዩ ነገረን። ያ በባቡር የተሻገርነው የብረት ድልድይ ሲተኛ ባቡር ያሳልፋል፤ ሲነሳ ጀልባ ወደ ቦዩ ያስገባል። ጀልባ የያዘ ሰው በሬዲዮ ይጠይቃል፤ የድልድዩ ጠባቂ ደግሞ ባቡሮችን የሚቆጣጠሩትን ያስፈቅዳል። ባቡር ይቀድማል። ሠራተኛ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓትማ ባቡሮቹ ተከታትለው አልፈው እስኪያበቁ ድልድዩ አይነሳም። የሚያስቀው ነገር፣ የሐያት አባት እንድሪስ ከዚያ ድልድይ ጠባቂዎች አንዱ ነው።

«ነገ ግን ሥራውን ቀትር ላይ ጨርሶ ቤቱ ይጠብቀናል» አለ ሰይድ። «እኛም ሰዓቱ ሳይደርስ ቀድመን እናልፋለን።»

ፊዮርዱ ላይ

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተነሳን። ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ሰደርያ በሙሉ ልብሳቸው ላይ ሲደርቡ ሐጂን ፎቶ ላነሳቸው ፈልጌ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ውሃው ጥቁር ሰማያዊ፣ ወዲያ ማዶ ተራሮቹ ላይ ገና በረዶ አለ። ሰይድ ደስታው ስላላስቀመጠው በቀጥታ አልወሰደንም። ከከተማው ፊት ለፊት ያለችውን የድሮ መነኮሳት ደሴት ዞሮ አሳየን። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ የቤቱን ሳምቡሳ ጋበዘን፤ የሰዎቹን ቤት ምግብ እንጂ የራሳችንን ስንቅ መቅመስ አልተከለከለምና በላን። የቀትሩን ሶላት ዙህርን ከአስር ሶላት ጋር አጣምረን እዚያው እንድሪስ ቤት ልንሰግድ ነበር ያሰብነው። ሰዓቱ ሲሄድ አላየነውም።

ወደ ድልድዩ ስንቀርብ ቀይ መብራት በርቷል።

ሰይድ ሬዲዮውን አንስቶ በኖርዌጂያንኛ ጀልባዋ ልትገባ እንደምትፈልግ ተናገረ። ከዚያ የመጣውን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ በራ።

«እሱ ራሱ ነው! እንድሪስ ነው! የሚተካው ሰው ቀርቶበት ይሆናል።» ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረ። «እንድሪስ፣ እኔ ነኝ፣ ሰይድ! ሽማግሌዎቹን ይዤ መጥቻለሁ፤ ክፈትልን!»

 እሱ ግን በኖርዌጂያንኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ለማያውቀው ሰው እንደሚናገር «ድልድዩ አይነሳም። ባቡር በመንገድ ላይ ነው። ጀልባዋ ቀዩ መብራት ጋ ትጠብቅ» አለ። ሬዲዮው ተዘጋ።

ሰይድ እንደገና ጠየቀው። «እንድሪስ፣ ሐጂ ከማል ናቸው እኮ! እት ዘይነባ ናት!»

«ጀልባዋ ትጠብቅ» የሚል መልስ በኖርዌጂያንኛ መጣ። ሌላ ቃል የለም።

ቀዩ መብራት

የሰይድን ፊት ብታዩ ታዝኑ ነበር። «በኖርዌጂያንኛ!» አለ። «አብሮ አደጌ፣ ለእኔ፣ በኖርዌጂያንኛ!»

ሐጂ ቆባቸውን አስተካክለው «ደጅ ዘጋብን» አሉ።

«ሐጂ፣ ድልድይ እኮ ነው» አልኩ።

«ድልድይም ቢሆን የቆመበት ሰው እሱ ነው። ሽማግሌ መሆናችንን ነግረነዋል። ለዘመድ ብሎ አንድ ጊዜ ቢያነሳው ምን ነበረበት? ‹ግቡ› ማለት ቢያቅተው ሰላም ማለት ያቅተዋል?»

«እንግዲያው በዚህ በኩል ወርደን በእግራችን እንሂድ» አልኩ። ከድልድዩ ውጭ የድንጋይ ደረጃ ይታየኛል።

ሰይድ «ሽማግሌ በአጥር ዘሎ አይገባም!» ብሎ መሪውን ጨበጠ። «ዞረን እንሄዳለን። በቃ። ልጄን የናቀ ሰው ቤት አልገባም።»

ይህን ጊዜ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ቦርከና አፍንጫዋን ካዞረች ነገሩ ያበቃል። እንድሪስ ከመስኮቱ ስንሄድ ያያል፤ ኢማሙ ደጃፍ ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ እስከ ኦስሎ ድረስ «እንድሪስ ሽማግሌ መለሰ» ይባላል። ሐጂም ሁለተኛ አይመጡም። ሐያት ቤት ውስጥ የምትለብሰውን እየመረጠች ይሆናል። ሰይድን ብመክረው አይሰማኝም፤ ተናዷል። ሐጂን ብለምናቸው ወግ አጠፋሁ ይባላል። ስለዚህ በአፌ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ሐጂ፣ ዙህር አልሰገድንም። ከመዞራችን በፊት እንስገድ።»

ሐጂ ከማል በሶላት አይደራደሩም። «ልክ ነሽ» አሉ። ስልኬን አውጥቼ ቂብላውን፣ የምንሰግድበትን የመካ አቅጣጫ፣ ፈለግኩ። ቀስቱ የጀልባዋን አፍንጫ ይዞ በቀጥታ ወደ ድልድዩ አመለከተ።

«ሰይድ» አልኩት፣ «እንደዚሁ ቀጥ አድርገህ ያዛት። ብታዞራት ቂብላችን ይበላሻል።»

አየኝ።   በሚሰግድ ሰው ላይ ጀልባ የሚያዞር ወሎዬ እስካሁን አልተወለደም። ሞተሩን ቀስ አድርጎ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ያንን የጠላውን ቀይ መብራት ፊት ለፊት እያየ ቆመ።

ሐጂ መስገጃቸውን ከፊት አነጠፉ፤ እኔ ከኋላቸው የሰይድን የዝናብ ካፖርት አነጠፍኩ። በእግሬ ቆሜ መስገድ አቃተኝ፤ ጀልባዋ ስለምታወዛውዘኝ ተቀምጬ ሰገድኩ። መንገደኛ ስለሆንን ሶላቱ ያጠረ ነው፤ ሐጂ ግን ያን ያጠረውን ረጋ ብለው፣ ቃል በቃል አስረዘሙት። ግንባራችንን እንደደፋን ድልድዩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ረጅም ባቡር ከፊታችን እያጓራ አለፈ። መስኮቶቹ ሰው ሞልቶባቸዋል፤ ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች፣ ቦርሳ ያቀፉ፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው። ቀና ስል አየኋቸው። እኛም ትናንት እንደዚያ ተሻግረናል፤ አንድ ሰው እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስላሳለፈን ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ በሰይድም በራሴም አፈርኩ። የሰይድን ፊት አየሁት፤ እሱም ዓይኑ ባቡሩ ላይ ነበር፤ ቁጣው ወርዷል።

ሌላ ባቡር አለፈ። ሐጂ የሶላቱን መጨረሻ ሰላምታ ጨርሰው ዱዓ ሲያደርጉ ሬዲዮው ተንጫጫ። የእንድሪስ ድምፅ ነው፣ አሁንም በኖርዌጂያንኛ፦ «ድልድዩ ይነሳል። አረንጓዴ ሲበራ ግቡ።»

ደወል ተደወለ። ያ ሁሉ ብረት ከነሐዲዱ፣ እንደሚነሳ ግመል እየተንገራገጨ ወደ ሰማይ ወጣ። ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከሥሩ ስናልፍ ወደ ክፍሏ ቀና አልኩ። እንድሪስ አንድ እጁ መቆጣጠሪያው ላይ ነው፤ ሌላውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰብሮልናል።

እንድሪስ ቤት

ደጃፉ ላይ ኢማሙ ብቻቸውን ቆመው አገኘናቸው። ሐያት በሩን ከፍታ እንደ ልጅነቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ፣ ኡንስኩል፣ ይቅርታ! ፓፓ ዮብ ላይ ነው፤ የሚተካው ሰውዬ አሁን ነው የመጣለት። ግቢ፣ ግቡ እንጂ!»

ሐጂ «ባለቤቱ ይምጣ» ብለው ንቅንቅ አላሉም። ሁላችንም ደጅ ቆምን። ብዙም ሳይቆይ እንድሪስ ከመንገዱ ማዶ እየሮጠ መጣ፤ የሥራውን አንጸባራቂ ሰደርያ እንኳ አላወለቀም። ከፊታችን ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት መናገር አቃተው። ሰይድ ቀደመው።

«እንድሪስ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ቤቴ ገብተህ ወጥተሃል። ዛሬ በውሃ ላይ አቆምከኝ። በአማርኛ እንኳ አላናገርከኝም።»

«ሰይዶ» አለ እንድሪስ፣ «በዚያ ሬዲዮ ላይ የምናገረውን ሁሉ ሌሎች ጀልባዎችም ይሰሙታል። ሁሉም የሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። ደግሞስ በአማርኛ ባናግርህ ትለምነኝ ነበር፤ ብትለምነኝ ደግሞ ልቤ ይሸነፍ ነበር።» ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረ። «ሐጂ፣ ድልድዩ የእኔ ቢሆን ኖሮ ከጠዋት ጀምሮ አንስቼ በጠበቅኋችሁ። ግን የእኔ አይደለም። ባቡሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች አያውቁኝም፤ አምነውኝ ነው የሚተኙት።»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። «ደጅ የዘጋብን መስሎኝ ነበር።»

«አውፍ በለኝ» አለ ሰይድ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ሰዓቱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ደሴቲቱን እያዞርኩ ሳሳያቸው።»

እንድሪስ አቀፈውና በሩን በሰፊው ከፈተ። «ግቡ» አለን። ገባን። «ተቀመጡ» አለን፤ ሐጂ ግን አልተቀመጡም። ቆመው፣ ነጭ ቆባቸውን አስተካክለው፣ በዚያ በሚያምር የድሮ አነጋገራቸው የናቢልን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ጠርተው ሐያትን ጠየቁለት። እኔም ተራዬ ሲደርስ «ሐያትን ያሳደግኳት እኔም ነኝ፤ ለናቢል ስጠው ብዬ የምለምንህ እሷ ስለምትወደው ነው» አልኩ። 

እኛ «ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ኑ» እንዲለን ጠብቀናል። እንድሪስ ባለቤቱን አየ፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

ሐጂ ደነገጡ። «በመጀመሪያው ቀን?»

«ዛሬማ ከመስኮቴ ሆኜ ፈርቼ ነበር» አለ እንድሪስ። «ዞራችሁ ከሄዳችሁ ልጄን አሳዘንኳት ማለት ነው፤ ባነሳው ደግሞ ሥራዬን ከዳሁ። ሁለቱም እጄ ታስሮ ሳለ ስትሰግዱ አየሁ። ሰይድም ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ይዞ ቆሟል። ተናዶ እንኳ እንዲህ ሰው የሚጠብቅ አባት ያሳደገው ልጅ፣ ልጄን ይጠብቃታል። ሌላ ቀን ለምን አመላልሳችኋለሁ?»

ከጓዳ በኩል እልልታ ተሰማ። ሐያት ነበረች፤ ወግ ሁሉ ተረስቷት ራሷ ለራሷ እልል ስትል ኢማሙም ሳቁ። ናቢል የሚሠራበት ሆስፒታል ስትደውልለት ከስልኩ ውስጥ «ያ! ያ!» የሚል የእሺታ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማው።

መልስ

ወደ ኦስሎ ስንመለስ ሐጂ ከማል መንገዱን ሙሉ ተኙ። የዶቭረን በሬ እንኳ ሊፈልጉ አልነቁም። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደስታ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ አገር ስኖር የተደረገልኝን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ሥራ የሰጠኝን፣ ቤት የፈለገልኝን፣ ልጄን ያከመልኝን በስም እጠራለሁ። በማላየው ክፍል ተቀምጠው፣ ዘመድ እየለመናቸው «ይጠብቅ» እያሉ በሰላም ያሳለፉኝን ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤያቸው አላውቅም።

ኦስሎ ደርሰን ተለያየን፤ ሐጂ ወደ ሊንደሩድ፣ እኔ ወደ ላምበርትሴተር። ቲባነው፣ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ገና እንደተነሳ ዋሻው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። በድምፅ ማጉያው «ቀይ መብራት ነው፤ ትንሽ እንጠብቃለን» ተባለ። ሰው ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ። አጠገቤ ያለ ወጣት ሰዓቱን አይቶ በኖርዌጂያንኛ ተሳደበ። እኔም ድሮ ከእሱ የባሰ ነበርኩ።

«አላህ ይስጥልኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ወጣቱ ዞር ብሎ አየኝ። ለማን እንደምናገር ገርሞታል። እኔም ያቆመንን ሰው ስሙን አላውቀውም፤ ፈገግ ብዬ ሻንጣዬን አቀፍኩና መጠበቄን ቀጠልኩ።